በእግሩ የመጣ ተማሪ ለምን ይቀጣል?

በዚህ እትም የማነሳው ስለ ታክሲ አድማው ነው። ሹፌሮቹ ልክ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን ለትልልቆቹ እንተወው። እኔ የምጽፈው ስለ እኛ ስለ ተማሪዎች ነው።

ሰኞ የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጮቹ ሚኒባሶች ሥራ አቆሙ። ምክንያቱን ሁላችንም ሰምተናል። ያጠፋ ሹፌር ነጥብ እየተያዘበት፣ ነጥቡ ሲበዛ መንጃ ፈቃዱ የሚታገድበት የትራፊክ ደንብ ነው። ሹፌሮቹ ሥራችንን እናጣለን ብለው ፈሩ። በኋላ መንግሥት ደንቡን ለሦስት ወር አራዘመው።

የዚያን ቀን ከሳሪስ እስከ ስታዲየም መንገዱ በእግረኛ ተሞልቶ ነበር። አንበሳ አውቶቡስ ከመነሻው ጢም ብሎ ስለሚመጣ ፌርማታ ላይ ብንጠብቅም መግቢያ አልነበረውም። ባቡሩም በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮልናል፤ ግን የሚሄደው በሁለት መስመር ብቻ ነው። ከቄራ ወይም ከጎፋ ለሚመጣ ልጅ ምን ያደርግለታል? ስለዚህ ብዙዎቻችን በእግራችን መጣን። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ አንደኛ ክፍል የሚማር ወንድሙን አንዳንዴ እያዘለው ነው የደረሰው።

ታዲያ በር ላይ ምን ጠበቀን? በሩ እንደ ሌላው ቀን 2:00 ሰዓት ላይ ተዘግቷል። እኛ 2:40 አካባቢ ስንደርስ አርፋጅ ተባልንና ተንበረከክን፤ ከዚያ ግቢ ጠረግን። ክፍል የገባነው ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ነው። ጭራሽ ያልመጡት ልጆች ግን ማክሰኞ ወላጅ ይዘው መጡ፤ ታክሲ ስላልነበረ ነው ተባለና ቀሪያቸው ተሰረዘላቸው። ይኼ ነው ያልገባኝ። አንድ ሰዓት በላይ የተጓዘው ተቀጣ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተኛው ምሕረት አገኘ። እንዲህ ከሆነ በሚቀጥለው ማን ይመጣል?

አንዳንድ ሰው «በሩ ከተከፈተ የሚያረፍድ ሁሉ ታክሲ አጣሁ ይላል» ይል ይሆናል። እውነት ነው፣ አንዳንዶቻችን ሰበብ እንወዳለን። ነገር ግን የአድማ ቀን የተደበቀ ነገር አይደለም። ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። መምህሮቻችንም፣ ዘበኛችንም የዚያን ቀን በእግራቸው ነው የመጡት፤ እናመሰግናቸዋለን። በዚያ ቀን ያረፈደን ልጅ ከሌላ ቀን አርፋጅ መለየት ከባድ አይደለም።

ደግሞ አድማ አዲስ ነገር አይደለም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ቤንዚን ስለተወደደ ሥራ አቁመው ነበር። በዚያው ሰሞን መምህራንም አቁመዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የቤንዚኑ ዋጋ ተቀነሰ። ስለዚህ ትናንትም ነበረ፣ ነገም ሊመጣ ይችላል። የ2008ቱ ደንብ የተራዘመው ለሦስት ወር ነበር ብያለሁ። ቁጠሩት፤ ግንቦት ላይ ያልቅ ነበር። ግንቦት ደግሞ እኛ ስምንተኛ ክፍሎች ለሚኒስትሪ የምንዘጋጅበት፣ ሌሎቻችሁም ለማጠቃለያ ፈተና የምታጠኑበት ጊዜ ነው። ያኔ በር ላይ ተንበርክኮ ክፍለ ጊዜ ማባከን ያስቆጫል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ትራንስፖርት በጠፋ ቀን በሩ እስከ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ክፍት ይሁን። ቅጣትም አይኑር፤ የመጣ ልጅ ቀጥታ ወደ ክፍሉ ይግባ።

ሁለተኛ፣ በዚያ ቀን ፈተና አይሰጥ። ሩቅ ሰፈር መኖር ማርክ ሊያስቀንስ አይገባም።

ሦስተኛው የእኛው ሥራ ነው። በየሰፈራችን ስማችን ይመዝገብና ተሰባስበን እንምጣ። የሳሪስ ልጆች አንድ ላይ፣ የቄራ ልጆች አንድ ላይ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎች ትንንሾቹን እጃቸውን ይዘን ዜብራ ላይ እናሻግር። ታክሲ የሌለ ቀን የቤት መኪናው ስለሚበዛ ብቻውን የሚሻገር ሕፃን ያሳስባል። ምዝገባውን ሚኒ ሚዲያችን ቢጀምረው እኔ የሰፈሬን ልጆች ለመመዝገብ ዝግጁ ነኝ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ርዕሰ መምህራችንና መምህሮቻችን ከግንቦት በፊት ቢወስኑልን ደስ ይለናል። በዚህ የማትስማሙ ካላችሁ ደግሞ ጽፋችሁ የሐሳብ መስጫ ሳጥን ውስጥ ክተቱ፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።


ከስምንተኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል