ስለ አንድ የጦር መርከብ ደወል

በካርቱም አርካዊት በሚባለው ሰፈር የሚኖር አንድ ወዳጄ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዛውን የነሐስ ደወል አሳይቶኝ፣ የተጻፈበትን እንድተረጕምለት ለምኖኝ ነበር። ሻጩ «የጎርዶን ፓሻ መርከብ ደወል ነው» ብሎ ዋጋውንም በዚያው ልክ ሰቅሎበታል። እኔ ግን የሚተረጐም ፊደል አላገኘሁበትም። ደወሉ ያብረቀርቅ ዘንድ ስሙን ከነዘመኑ በሞረድ ፍቀውታል።

የጦር መርከብ ደወል እንዲያው ጌጥ አይደለም። በየግማሽ ሰዓቱ እየተደወለ የዘብ ተራ ይለይበታል፤ በጭጋግም ጊዜ ሌሎች መርከቦች ይጠነቀቁበታል። በላዩ የመርከቡ ስም፣ ብዙ ጊዜም ዘመኑ ይቀረጽበታል። በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ልማድ ደግሞ ደወሉ ተገልብጦ ውሃ እየተሞላበት የመርከበኞች ሕፃናት ይጠመቁበታል፤ ስማቸውም በውስጡ ይጻፋል። ስለዚህ የደወልን ምንጭ የሚሻ ሰው ውስጡንም አጎንብሶ ይመልከት፤ የፋቂ እጅ እዚያ ድረስ ብዙ አይዘልቅምና።

ወደ ጎርዶን ልመለስ። ጎርዶን የተገደለው በ1885 ነው (ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር መጻፌ በደወሎች ላይ የሚገኘው እርሱ ስለ ሆነ ነው)። በካርቱም በጥቁር ዓባይ ዳር ለብዙ ዘመን የታየው መሊክ የተባለው የጦር ጀልባ ግን በ1896 በእንግሊዝ አገር ተሠርቶ፣ ተፈታትቶ መጥቶ በሱዳን የተገጣጠመ ነው። መሊክ በዐረብኛ ንጉሥ ማለት ሲሆን፣ ከግዕዙ «መለከ» ጋራ ሥሩ አንድ ነው። በ1898 በከረሪ ጦርነት ላይ የመሊክ አዛዥ የነበረው የጎርዶን የወንድሙ ልጅ ሻለቃ ጎርዶን ነው። እንግዲህ «የጎርዶን መርከብ» የሚል ሻጭ የትኛውን ጎርዶን ማለቱ እንደ ሆነ ይጠየቅ። በአጎትና በወንድም ልጅ መካከል ብዙ ገንዘብ አለ!

የእኛይቱም «ኢትዮጵያ» እንዲሁ ናት። ይህች መርከብ በ1944 «ኦርካ» ተብላ በአሜሪካ ባሕር ኃይል አገልግሎት የጀመረች፣ በ1962 ለንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል የተላለፈች ናት። በ1991 ወደ የመን ሸሽታ በ1993 ለብረታ ብረት ተሸጠች። ደወሏን የሚፈልግ ሰው ሁለቱን ስሞች ይዞ ይፈልግ። የአሜሪካ ባሕር ኃይልም ደወሎቹ መርከቡ ከተሰናበተ በኋላ የመንግሥት ንብረት ናቸው ስለሚል፣ እንዲህ ያለ ስም ያለበትን የሚገዛ ነጋዴ ከዕቃው ጋራ ክርክርም ሊገዛ ይችላል።

ነገሩ የአንድ ወዳጅ ደወል ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልሁ ነበር። ነገር ግን በ2023 በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም እንኳ ተዘርፏል። የተዘረፈ ዕቃ ወደ ገበያ ሲወጣ አስቀድሞ የሚጠፋው ስሙ ነው። ስለዚህ መርከብ የሚሸጥ ሹም ደወሉን ከነጽሑፉ፣ ከነቁመቱና ከነክብደቱ በመዝገብ ያግባ። ነጋዴም የተፋቀ ደወል ሲቀርብለት ከነሐሱ ዋጋ በላይ አይክፈል፤ ፋቂውንም ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ።