ከአደጋ በኋላ የሚለካ ስብዕና፦ የሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ተራፊዎች ጉዳይ

በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ከተማ ተቃጥላ ነዋሪዋ ተበተነ። ዓመት ሳይሞላ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አዳረሰ። የይፋት ቆላ መከራ በዚህ አልተጀመረም፤ በ1953 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሶ ካራቆሬን ክፉኛ ጎድቶ ነበር። አንድ ዓይነት አደጋ ካለፈባቸው ጎረቤታሞች አንዱ በሕመም ሲወድቅ ሌላው ወደ ማሾ ማሳው የሚመለሰው ለምንድን ነው? የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው። መልሱን በስብዕና ውስጥ ብቻ መፈለግ ግን አደገኛ ነው።

የተለመደው አካሄድ ይታወቃል። ጥናት አድራጊው የስብዕና መጠይቅና የሕመም ምልክት መጠይቅ በአንድ ቀን፣ ለአንድ ሰው ያቀርባል፤ ከዚያም ለጭንቀት ተጋላጭ የሆነ ስብዕና፣ ማለትም ኒውሮቲሲዝም፣ የአእምሮ ጤና መታወክን «ይተነብያል» ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን «በቀላሉ ይደነግጣሉ?» የሚለው ጥያቄ በሁለቱም ቅጾች ውስጥ ተቀራራቢ መልክ ይዞ ይገኛል። የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሰምታ ልጆቿን ይዛ የሸሸች እናት «አዎ» ብትል፣ መልሷ አንድ ጊዜ እንደ ተፈጥሮዋ፣ አንድ ጊዜ እንደ ሕመሟ ይቆጠራል። ይህ ትንበያ አይደለም፤ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መመዝገብ ነው።

ትንበያ ለማለት ልኬቱ ከአደጋው መቅደም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1989 ሎማ ፕሪታ የተባለው የመሬት መንቀጥቀጥ ካሊፎርኒያን ከመምታቱ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ በስታንፎርድ ተማሪዎች ላይ መረጃ ሰብስባ ነበር። ስለ ራሳቸው ስሜት ደጋግመው የማብሰልሰል ልማድ የነበራቸው ተማሪዎች ከአደጋው በኋላ የበለጠ ድባቴ ታየባቸው። ያ ውጤት ክብደት ያለው በአጋጣሚ ቀድሞ ስለተለካ ነው። ለአጣዬና ለሸዋ ሮቢት ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልተገኘም።

ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በነበረው ዓለም አቀፍ ግምት ከስምንት ሰው አንዱ ከአእምሮ ጤና መታወክ ጋር ይኖር ነበር፤ በግጭት አካባቢዎች ግን ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከአምስት ሰው አንዱ ይደርሳል። በጦርነት አካባቢ የተወለደ ሰው ሁሉ ደካማ ስብዕና ይዞ ተወለደ የሚል ካልተገኘ በስተቀር፣ ልዩነቱን ያመጣው ኑሮው ነው።

የቃሉም ነገር ቀላል አይደለም። «ስብዕና» በአማርኛ የጠባይ ዓይነትን ብቻ ሳይሆን የሰውን ክብርና ሥነ ምግባርም ይጠራል። ተራፊውን «ስብዕናህ ለሕመም አጋለጠህ» ማለት ከስድብ የማይተናነስ ነው። ቻይነት በሚመሰገንበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ መተኛት ያቃተው ገበሬ ቀድሞውኑ «ልቡ አልችል አለ» ተብሎ ይታማል፤ ጥናቱ ለዚህ ሐሜት ሳይንሳዊ ስም ሊያወጣለት አይገባም።

ይህ ሁሉ ስብዕና አይጠና ማለት አይደለም። ብቻውን የሚያብሰለስልን ሰው ቀድሞ መለየት ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይጠቅማል። ነገር ግን ጥናቱ ከአንድ ቀን መጠይቅ መውጣት ይኖርበታል። ተመሳሳይ ሰዎች በዓመት ልዩነት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይጠየቁ። ሰውየው ከ2013 ዓ.ም. በፊት ምን ዓይነት ጠባይ እንደነበረው ከሚያውቀው ዘመድ ይጣራ፤ የዘመድ ትዝታም ቢሆን በኋላ በሆነው ነገር እንደሚቀለም ሳይዘነጋ። ከስብዕናው ጎን ደግሞ ቤቱ ዳግመኛ መሠራቱ፣ በሬው መተካቱ፣ ቤተሰቡ ስንት ጊዜ መፈናቀሉ ይመዝገብ። ከእነዚህ ጥያቄዎች በኋላ ለስብዕና የሚተርፈው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ያኔ ይታያል።