ሰኔን በኬሬታሮ

ከታላቅ እኅቴ ጋር በመጪው ሰኔ ወደ ሜክሲኮ አገር ለመሄድ ቆርጠን ከተነሣን ወዲህ፣ ጉዳዩን የሰማ ወዳጅ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀን በየትኛው የባሕር ዳርቻ እንደምናርፍ ነው፤ እኛም የምንሄድበት ከተማ ከሁለቱም ውቅያኖሶች የራቀ፣ በአገሪቱ ደጋማ እምብርት ላይ የተቀመጠ፣ ፋብሪካና ትምህርት ቤት የሚበዛበት፣ ሕዝቡም ለእንግዳ መደሰቻ ሳይሆን ለገዛ ኑሮው ሲል ማልዶ የሚነሣበት ኬሬታሮ የሚባል ከተማ መሆኑን በነገርናቸው ጊዜ፣ በፊታቸው ላይ የማነበው መደነቅ ምክንያታችንን በዚህ ዓምድ ላይ እንድገልጽ አስገደደኝ።

እኔ ኬሬታሮን ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ፣ ያውም ለሥራ ጉዳይ፣ ለሦስት ቀን ብቻ አይቻታለሁ። ወደ ምኖርባት ወደ ዳላስ ከተመለስኩ በኋላ ግን በዐይነ ኅሊናዬ እየተመላለሰ ዕረፍት የነሣኝ የአንድ ኮረብታ ነገር ነው። ኮረብታው በእስፓንያ ቋንቋ ሴሮ ዴ ላስ ካምፓናስ፣ በእኛ አፍ የደወሎች ኮረብታ የሚባለው ሲሆን፣ በ1859 ዓ.ም. ሰኔ 13 ቀን፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጁን 19 ቀን 1867 ጧት፣ የፈረንሳዩ ሦስተኛው ናፖሌዎን በጦር ኃይል አምጥቶ በሜክሲኮ ሕዝብ ላይ ያነገሠው የኦስትሪያው መስፍን ማክሲሚልያን፣ ከሁለቱ የጦር አለቆቹ ከሚራሞንና ከሜሂያ ጋር ቆሞ በጥይት የተደበደበበት ስፍራ ነው። ከአውሮፓ የታወቁ ሰዎች ሳይቀሩ ስለ ነፍሱ ቢለምኑም፣ ከሳፖቴክ ነገድ የተወለደው ፕሬዚዳንት ቤኒቶ ኋሬስ ፍርዱን አላነሣም። እኔ የሰው ደም በፈሰሰበት ስፍራ ደስ የሚለኝ ሰው አይደለሁም፤ በኋላ ዘመን ለማክሲሚልያን መታሰቢያ በተሠራችው ትንሽ ጸሎት ቤት ደጃፍ ቆሜም ለነፍሱ ዕረፍት ለምኛለሁ። ነገር ግን ባዕድ የጫነበትን ዘውድ አልቀበልም ያለ ሕዝብ፣ ያን ቃሉን በዚያ በማያስፈራ ዝቅተኛ ኮረብታ ላይ እንዳጸናው እያሰብኩ፣ ዐሥር ወር ሳይሞላ የእኛው ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ላይ ነፍሳቸውን በገዛ እጃቸው እንዳሳለፉ ትዝ ባለኝ ጊዜ፣ ሁለቱ አገሮች ሳይተዋወቁ በአንድ ዘመን እሳት ውስጥ ያለፉ መስለው ታዩኝ።

በኋላ ግን ተዋውቀዋል። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ፣ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባሎች አብዛኞቹ አንድ በአንድ ለወራሪው ጉልበት እያጎነበሱ ሲሄዱ፣ በላሳሮ ካርዴናስ የምትመራው ሜክሲኮ ወረራውን ሕጋዊ ነው ብለው ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሆና ቆመች፤ በጄኔቫም መልእክተኞቿ ለኢትዮጵያ ተከራከሩ። ብዙ ሰው ይህን የአንድ ፕሬዚዳንት ደግነት አድርጎ ያወራዋል፤ እኔ ግን ሥሩ ከዚያ ኮረብታ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ፤ በባዕድ የተሾመ ንጉሥ ምን እንደ ሆነ በገዛ ሥጋው ያወቀ ሕዝብ፣ የሌላውን ቁስል ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1946 ዓ.ም. ሜክሲኮን ጎብኝተዋል፤ በዋና ከተማዋም ኢትዮጵያ የተባለ አደባባይና የአንበሳ ራስ ምልክት ያለበት የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ፤ በአዲስ አበባም ሜክሲኮ አደባባይ አለን።

ይህን አደባባይ ካነሣሁ ዘንድ የእኅቴን ነገር ልናገር። እናታችንን በልጅነቴ ስላጣሁ ያሳደጉኝ እትዬ ናቸው፤ እርሳቸውም የወጣትነት ዘመናቸውን የጨረሱት ከዚያው አደባባይ ጥቂት እልፍ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። የጉዞውን ሐሳብ ባቀረብኩላቸው ምሽት ቡናቸውን አስቀምጠው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ‘ሜክሲኮ ወራጅ አለ’ እያልኩ ኖሬ፣ እነዚያ ሰዎች በክፉ ቀን ያደረጉልንን አባታችን ሲናገር እየሰማሁ አድጌ፣ አንድ ቀን እንኳ አገራቸውን ረግጬ አመሰግናለሁ ሳልል ልሙት?» አሉኝ። ከዚያም ቀኑን ራሳቸው ቈረጡት። በዛሬው ዘመን ጁን 19 የሚውለው በሰኔ 12፣ በቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ቀን ነውና፣ «በሚካኤል ዕለት እዚያ ኮረብታ ላይ አድርሰኝ» አሉ።

እንግዲህ ወደ ጉዞው ዝግጅት እንለፍ። ኬሬታሮ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ የባሕር ዳርን ከፍታ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ሙቀቱ የሚበረታው በሜይ ወር ነው፤ ጁን ሲገባ ዝናሙ ይጀምርና፣ ጧቱ ብሩህ ሆኖ ከቀትር በኋላ ደመናው ይሰበሰባል፣ ነጐድጓዱ ይሰማል፣ ጎርፍ የሚያህል ዝናም ለአንድ ሰዓት ወርዶ ያባራል፣ ከዚያም ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ ሁሉ ታጥቦ ያበራል። ስለዚህ የእግር ጉዞን ሁሉ ከጧት አድርገን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ለቤተ ክርስቲያንና ለቤተ መዘክር ጥላ ሰጥተነዋል። ከዳላስ ቀጥታ በረራ ያለ ሲሆን፣ ሜክሲኮ በ2022 እ.ኤ.አ. የበጋ ሰዓት ማዛወርን ስለ ተወች፣ በሰኔ ወር የኬሬታሮ ሰዓት ከዳላስ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ የመመለሻውን አውሮፕላን ሰዓት ስንጽፍ ይህን ልብ ብለናል። በዋናው ከተማ በኩል የሚመጣ ሰው ደግሞ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ በቀጥታ ወደ ኬሬታሮ የሚሄድ ምቹ አውቶቡስ ያገኛል፤ መንገዱ ከ200 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪነት ወረቀት የያዘ ኢትዮጵያዊ ለጉብኝት ቪዛ ሳይጠየቅ ይገባል፤ ከአገር ቤት የሚነሣ ግን አስቀድሞ ማውጣት ይኖርበታል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን የጾሙ ነገር ነበር። የሰኔ ጾም፣ ይኸውም ጾመ ሐዋርያት፣ በጉዟችን መካከል ስለሚውል፣ እትዬም ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ቀን ያልፈቱት ስለ ሆነ፣ በባዕድ አገር ምን ይበላሉ ብዬ ተጨነቅሁ፤ ኋላ ግን ያን የመጀመሪያ ጉዞዬን ሳስታውስ ጭንቀቴ ወደ ደስታ ተለወጠ። ላ ክሩስ ማለትም መስቀል በተባለው ገበያ ውስጥ፣ ዕድሜያቸው ከእትዬ የማያንስ አንዲት እናት በአነስተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቁልቋል ሲያጸዱ ለረጅም ጊዜ ቆሜ ተመልክቻቸዋለሁ። መዳፍ የሚያህለውን አረንጓዴ ቅጠል በግራ እጃቸው ጫፉን ይይዙና፣ ስለታም ቢላዋ ከወደ ራሳቸው ወደ ውጭ እያስኬዱ እሾሁን ከነሥሩ ይልጡታል፤ ገልብጠው ሌላውን ፊት ይደግሙታል፤ ዙሪያውን እንደ ቀሚስ ጠርዝ ይከረክሙና፣ እንደ ጎመን ቈራርጠው ከጭኖቻቸው መካከል ወዳለው ባልዲ ይጥሉታል፤ አንዱን ለመጨረስ እኔ እስከ ሃያ ለመቍጠር ጊዜ አልነበረኝም። ይህ ኖፓል የሚሉት ተክል የእኛው የትግራይ በለስ እናት ነው፤ በለስ ከዚያ አገር ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትግራይ እንደ ደረሰ ይነገራልና። እኛ ፍሬውን ብቻ ስንበላ እነርሱ ቅጠሉንም ከሽንኩርትና ከቲማቲም ጋር ጠብሰው ወይም ቀቅለው ይበሉታል። በቆሎውም፣ አቮካዶውም፣ እኛ ያለ እርሱ ወጥ የማይመስለን በርበሬም ጥንተ ተፈጥሯቸው በዚያው ምድር ነው፤ ስለዚህ ጾመኛ ኢትዮጵያዊ በኬሬታሮ ገበያ ሲቀመጥ ከማዕዱ ምንጭ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተቀቅሎ የተፈጨው ቦሎቄ ለዐይን የጾም ቢመስልም፣ ብዙውን ጊዜ ማንቴካ በሚሉት የዐሣማ ስብ የታሸ ነው፤ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀለው ታማሌም እንዲሁ፤ የከተማዋ መታወቂያ የሆነው ኤንቺላዳም አይብ ሳይነሰነስበት አይቀርብም። ሻጯን አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም፤ እኔ በጠየቅሁ ጊዜ አንዲት ምግብ ሻጭ ድስቷን ከፍታ በማንኪያ እያማሰለች አሳይታኛለች፤ ከሌላው ምድጃ በውኃ ብቻ የተቀቀለውን ቦሎቄ ቀድታም በትኵስ ቂጣ ሰጥታኛለች።

ስለ መኝታ ብዙ የምለው የለኝም፤ በአሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ለእትዬ ጕልበት ሲባል ምድር ቤት፣ ወደ ውስጠኛው ግቢ የሚከፈት ክፍል ይዘናል። አሮጌው ከተማ በ1996 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ መኪና የማይገባባቸው የእግረኛ መተላለፊያዎች አደባባይን ከአደባባይ ያገናኛሉ፤ ሽማግሌ በእጁ ይዞ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምቾት አላውቅም።

በመጀመሪያው ቀን የምንሄደው ወደ ውኃ ቦዩ ነው። ሰባ አራት ቅስቶች በሮዝማ ድንጋይ ተሠርተው፣ ሸለቆውን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ተሻግረው፣ ከላ ካኛዳ ምንጭ የተቀዳውን ንጹሕ ውኃ ወደ ከተማዋ ያመጡ ነበር። ሥራው በ1726 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ከዐሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በ1738 ተመረቀ፤ ከወጪውም አብዛኛውን ከገዛ ኪሱ የከፈለው አንድ ባለጸጋ መኰንን፣ የቪያር ዴል አጊላ ማርኬስ ነው። የአገሩ ሰው ይህን ያደረገው ለአንዲት ድንግል መነኵሲት ባለው ንጹሕ ፍቅር ነው ብሎ ይተርካል፤ እኔ ግን ትረካውን ሳልነቅፍ፣ ውኃ ለተጠማ ሕዝብ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው ሌላ ምክንያት ባይፈለግለትም ይበቃዋል እላለሁ። ዛሬ ከተማዋ እጅግ ስለ ሰፋች ያ ምንጭ አይበቃትም፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ሁለተኛው ቦይ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከራቀ የወንዝ ሸለቆ ውኃን እየገፋ ተራራ ያሻግራል። የአውሮፕላን አካል የሚሠሩትን ፋብሪካዎችና በየቀኑ የሚጎርፈውን ሠራተኛ ሳይ፣ ይህች ከተማ የምትኖረው በትዝታ እንዳልሆነ የገባኝ በዚህ ነው።

ቦዩ የሚያበቃው በሳንታ ክሩስ፣ በቅዱስ መስቀል ገዳም ዘንድ ነው። እንደ ትውፊቱ በ1531 እ.ኤ.አ. በዚያ ኮረብታ ላይ የኦቶሚና የቺቺሜካ ሰዎች ሲዋጉ ፀሐይ ጨለመች፣ በሰማይም መስቀልና በፈረስ የተቀመጠ ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ ታዩ፤ የከተማዋም ሙሉ ስም ሳንቲያጎ ዴ ኬሬታሮ የሆነው በዚሁ ነው። በገዳሙ ዐጸድ ውስጥ ደግሞ እሾሁ በመስቀል ምልክት የሚበቅል ዛፍ አለ፤ አባ አንቶንዮ ማርኺል የተባሉት መነኵሴ ከተከሉት በትር እንደ በቀለ ይናገራሉ። ከዛፉ ሥር የወደቀ አንድ እሾህ አንሥቼ በመዳፌ ላይ አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ ርዝመቱ ከጣት አይበልጥም፣ ግንዱ ቀጥ ብሎ ወርዶ ከጫፉ በታች ሁለት ቀጫጭን ክንድ ያወጣል። ይህን ለእትዬ በተናገርኩ ጊዜ ተነሥተው አማተቡ። ማክሲሚልያንም በተማረከ ጊዜ አስቀድሞ የታሰረው በዚሁ ገዳም ነበር።

የከተማዋን ቴአትር ግን በምንም ምክንያት አናልፈውም። ማክሲሚልያን የተከሰሰበት ችሎት የተቀመጠው በዚያ አዳራሽ ሲሆን፣ አምሳ ዓመት ሳይሞላ ከልዩ ልዩ አውራጃ የተመረጡ እንደራሴዎች በዚያው ተቀምጠው የዛሬውን የሜክሲኮ ሕገ መንግሥት አዘጋጁ፤ እርሱም በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1917 እ.ኤ.አ. ታወጀ። የሠራተኛውን ቀን በስምንት ሰዓት የወሰነ፣ መሬትንም የሕዝብ ሀብት ያደረገ ሕግ ነው። በዘውድ ላይ የፈረደ አዳራሽ ለሕግ ማኅፀን መሆኑ፣ ለእኔ የዚህ ጉዞ ሁሉ ልብ እርሱ ነው፤ በበርናል መንደር ላይ የቆመውን ያን ግዙፍ ነጠላ አለት ለማየት ጊዜ ባናገኝ እንኳ አላዝንም።

አውሮፕላናችን ሰኔ 9 ይነሣል። እትዬ ጃንጥላቸውንና ነጠላቸውን ከሳምንት በፊት አዘጋጅተዋል፤ እኔም በጠየቁኝ መሠረት፣ ያለ ስብና ያለ አይብ እባክዎ የሚለውን ቃል በእስፓንያ ቋንቋ፣ በእኛ ፊደል፣ በወፍራሙ ጽፌ በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌላቸዋለሁ፤ ሽንኩርት ሲከትፉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሲን ማንቴካ፣ ሲን ኬሶ፣ ፖር ፋቮር» እያሉ ያጠናሉ። ትናንት ማታ ደግሞ ጠርተው ሌላ አንድ ቃል እንድጨምርበት አዘዙኝ። «አመሰግናለሁ በእነርሱ እንዴት ነው የሚባለው?» አሉኝ፤ ነገርኳቸው፤ ከበላዩ አስጻፉኝ።