ልውውጥ የሌለበት «ልውውጥ»

የአሜሪካ ፋርማሲ ተማሪዎች ለጥቂት ሳምንታት የሆስፒታል ልምምድ ኢትዮጵያ ሲመጡ ደብዳቤው ላይ «የተማሪዎች ልውውጥ» ተብሎ ይጻፋል። ቃሉ ያምራል። ልውውጥ ግን ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው መሄድ አለበት። እዚህ በአብዛኛው አንዱ ይመጣል፣ ሌላው ቡና አፍልቶ ይቀበላል፣ በመጨረሻም ቦሌ ድረስ ሸኝቶ ወደ ዋርዱ ይመለሳል።

ሒሳቡ ይታይ። አሜሪካ ውስጥ የዶክተር ኦፍ ፋርማሲ ተማሪ ለመመረቅ በመጨረሻው ምዕራፍ ቢያንስ 1,440 ሰዓት በተግባር ልምምድ ቦታ ተመድቦ መሥራት አለበት። ግዴታ የሆኑትን ምደባዎች እዚያው አገሩ ይጨርሳል፤ ውጭ መውጣት የሚፈቀድለት በምርጫ በሚወስዳቸው ነው። ለእነዚያ ሳምንታት ክሬዲት ያገኛል። ክሬዲት ካለ የትምህርት ክፍያ አለ፤ ክፍያው የሚገባውም ወደ ላከው ኮሌጅ ካዝና ነው። ያስተማረው ግን ማን ነው? ጠዋት ራውንድ ይዞት የዞረው፣ ካርድ ያስነበበው፣ ታካሚው ያለውን ቃል በቃል የተረጎመለት ኢትዮጵያዊ ፋርማሲስት ነው። ለዚህ ሥራ በደመወዙ ላይ የሚጨመርለት ብዙ ጊዜ አንድ የምስጋና ወረቀት ነው።

ትምህርቱ ደግሞ ርካሽ አይደለም። ከመተማ ወይም ከሁመራ የሰሊጥ እርሻ በትኩሳት ነዶ የመጣ የቀን ሠራተኛ ጣፊያው አብጦ ተኝቷል እንበል። ካላዛር ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የተለመደው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የሚባሉ ሁለት መርፌዎች ናቸው፤ በየቀኑ፣ ለ17 ቀን። የመጀመሪያው ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ስለሚችል በየቀኑ ክትትል ይጠይቃል። ታካሚው ኤችአይቪም ካለበት የመድኃኒት ምርጫው ይለወጣል። የኦሃዮ ተማሪ ይህን አገሩ ሆኖ ከመጽሐፍ በቀር የት ያገኘዋል? የታዘዘው መድኃኒት ከመጋዘን ሲያልቅ ካለው ውስጥ የትኛው እንደሚተካው በደቂቃ ውስጥ መወሰንስ? ይህ እውቀት ነው፤ ባለቤትም አለው።

«እነሱም እኮ እውቀት ይዘው ይመጣሉ» የሚሉ አሉ። ክሊኒካል ፋርማሲ በኢትዮጵያ ገና ወጣት ሙያ ነው፤ ወራትን ተቀምጠው ያስተማሩ የውጭ መምህራን ውለታ አይካድም። ነገር ግን መምህርና ተማሪ ለየብቻ ናቸው። ለአጭር ጊዜ የመጣ ተማሪ የካርዱን አጻጻፍ ማንበብ ሲለምድ የመመለሻ ቲኬቱ ቀን ይደርሳል። እንግዳ ነው፤ እንግዳን ማክበር ደግ ነው። እንግዳን አስተማሪ ብሎ መጥራት ግን ሌላ ነገር ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ ምን አለ? የአምስተኛ ዓመቱ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የማይመለስ 185 ዶላር የቪዛ ማመልከቻ ይከፍላል። ያላገባ፣ ቤት የሌለው፣ ደመወዝ ያልጀመረ ወጣት ስለሆነ ተመልሶ እንደሚመጣ ማሳመን አለበት፤ ብዙዎች 214 ለ የሚባለውን አንቀጽ ቁጥር የሚያውቁት ከእምቢታው ወረቀት ላይ ነው። ቢሳካለትም እንኳ እዚያ ብዙውን ጊዜ ቆሞ ተመልካች ነው። የአሜሪካው እንግዳ ግን እዚህ ከታካሚ አልጋ ሥር ቆሞ ምክር ይሰጣል።

ቪዛው የኤምባሲ ጉዳይ ነው፣ ኮሌጁ ምን ያድርግ ይባላል። ብዙ ማድረግ ይችላል። ጎረቤት ኬንያ ኤልዶሬት ላይ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከሞይ ሪፈራል ሆስፒታል ጋር የዘረጋው ፕሮግራም ተማሪዎቹን ለስምንት ሳምንት ሲልክ የራሱን መምህር እዚያው አስቀምጦ ነው፤ የአሜሪካና የኬንያ ተማሪዎችም ጎን ለጎን ሠርተዋል። ፍጹም ነው አይባልም። ቢያንስ አስተናጋጁ ዋርድ ከእንግዳው መሄድ በኋላ የሚቀርለት ሰው ነበረው።

የኢትዮጵያ ዲኖች የስምምነት ሰነድ ሲያድሱ ለምን ይህን አይጠይቁም? ከትምህርት ክፍያው ድርሻ፤ ለሚያሠለጥነው ፋርማሲስት አበል፤ ተማሪ መላክ ካልተቻለ በየዓመቱ አንድ ወጣት መምህር ለሦስት ወር። መጠየቅ ነውር የሚመስላቸው አሉ፤ እንግዳው ይቀየማል ብለው። ላኪው ኮሌጅ አገሩ ውስጥ ከሆስፒታሎች ጋር ሲዋዋል ግን ማን ምን እንደሚሰጥ በጽሑፍ ነው የሚያሰፍረው፤ አይቀየምም።

ሌላው ቀርቶ አንድ የይለፍ ቃል አለ። እንግዳው በስልኩ ሌክሲድራግ (የቀድሞውን ሌክሲኮምፕ) ከፍቶ የመድኃኒት መስተጋብር ሲፈልግ አጠገቡ ያለው ኢትዮጵያዊ ተማሪ አንገቱን አስግጎ ያነባል። እሱ ያለው ከጓደኛ ጓደኛ የተላከለት የዓመታት ዕድሜ ያለው ፒዲኤፍ ነው። ስልኩ ከእንግዳው ጋር አውሮፕላን ሲሳፈር በማግስቱ ራውንድ ላይ ያው ፒዲኤፍ ይከፈታል። ለአስተናጋጁ ዋርድ አምስት አካውንት የሚል አንድ መስመር ውሉ ውስጥ እስካሁን ያልገባው ማን ከልክሎ ነው?