ጭራ ያላትና ጭራ የሌላት ቴሌቪዥን

አንዲት የወረታ ወይዘሮ ጽፈውልኛል። የሩዙ ገንዘብ ገብቷል። ባለቤታቸው «ኦሌድ ካልሆነ ቴሌቪዥን ቤቴ አይገባም» ብለዋል። እሳቸው ደግሞ ከዚያው ገንዘብ ለጣሪያ ቆርቆሮ ማስቀረት ይፈልጋሉ። ባለሱቁ በመሀል ገብቶ «ኪውሌድም ያው ኦሌድ ነው» ይላቸዋል። ማንን ልመን? ነው ጥያቄያቸው።

እትዬ፣ ባለሱቁን አይመኑት! በላቲን ሲጻፉ የሚለያቸው አንዲት ጭራ ናት፤ ውስጣቸው ግን ለየቅል ነው። ኦሌድ ላይ እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ታበራለች፣ ራሷ ትጠፋለች። ጥቁሩ የምር ጥቁር የሚሆነው ለዚህ ነው። ኪውሌድ ግን ያው ኤልሲዲ ነው፤ ከኋላው የኤልኢዲ መብራት አለ፣ ቀለም የሚያደምቅ ስስ ሽፋን ተጨምሮበታል።

ባለቤትዎም ቢሆኑ ለእናንተ ቤት አልመረጡም። የፎገራ ፀሐይ በተከፈተ በር ገብታ ሳሎኑን ስትሞላው ያ ሁሉ የተከፈለበት ጥቁር የት ይታያል? ደግሞ ቀኑን ሙሉ አንድ ጣቢያ ተከፍቶ የሚውል ከሆነ፣ ከጥግ የማትነቃነቀው የጣቢያው አርማ ከጊዜ ብዛት ኦሌድ ላይ ጥላዋን ልትተው ትችላለች። ደመቅ ያለ ኤልኢዲ ይበቃዎታል፤ ኪውሌድ የሚወስዱት ዋጋው ከተቀራረበ ብቻ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ ኳስ የሚያይ ከሆነ «አይፒኤስ» የሚባለውን ይጠይቁ፤ ከጎን ለተቀመጠ ሰው ቀለሙ ብዙም አይደበዝዝም።

«ርካሽ ፕላዝማ አለልዎ» ካሉዎት ዕድሜውን ያስሉ፤ ሳምሰንግና ኤልጂ ፕላዝማ መሥራት ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። መብራትም ይበላል።

ስታቢላይዘር አብረው ይግዙ። ብሩን ሳይቆጥሩ በፊት ደግሞ ስክሪኑን ሙሉ ነጭ አድርገው ያሳዩዎት፤ አንዲት ጥቁር ነጥብ ካዩ ሌላ ያስወጡ።