«ጥገና እኮ ነው» ማለት ፈቃድ አይደለም

ሮቤ ላይ በአንድ ስብሰባ የሰማሁት ቃል እስካሁን ያንገበግበኛል። ወሬው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለሚያልፈው መንገድ ነበር። አንድ ተሳታፊ «የቅርስ ጥናትስ?» ብሎ ጠየቀ። «ጥገና እኮ ነው፤ አዲስ መሬት አንነካም» ተባለና ነገሩ ተዘጋ።

አዲስ መሬት ካልተነካ ገረጋንቲው ከየት ይመጣል? ዝናብ የበላውን መንገድ ለመሙላት ዳገት ይቆፈራል። ግሬደር ቦይ ሲጠርግ ጠርዙን እየፋቀ ነው የሚሄደው። የጭነት መኪና የሚዞርበት ይደለደላል፤ የሠራተኛ ድንኳን የሚተከልበትም ይመነጠራል። ከጎባ ተነስቶ በሳነቴ በኩል ወደ ሪራ የወረደ ሰው የተቦረቦረውን ዳገት በዓይኑ ያየዋል።

የባሌን መሬት ደግሞ እንደ ማንኛውም አፈር ማየት አይቻልም። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት የፊንጫ ሀበራን ዋሻ ለዓለም አሳውቋል። ከባሕር ወለል በላይ 3,469 ሜትር ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰው ኖሮበታል፤ ያውም የተራራው አናት የበረዶ ግግር በለበሰበት ዘመን። ፍልፈል ጠብሶ ይበላ ነበር። ባልጩቱን የሚያመጣው ከ4,200 ሜትር በላይ ወጥቶ ነው። ይህን ሁሉ የነገሩን የባልጩት ፍንካች፣ የተቃጠለ አጥንትና አመድ ናቸው፤ ያውም እያንዳንዳቸው በወደቁበት ንብርብር ውስጥ ሳይናወጡ ስለተገኙ። አንድ ጊዜ አካፋ ካመሳቀላቸው ዕድሜያቸውን መልሶ የሚያነብ የለም። ለጎብኚ እንዲያምር ተብሎ የዋሻ ወለል ቢጠረግም ጉዳቱ ያው ነው።

ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በተፈጥሮ ሀብቱ ነው። ስለዚህ ጥበቃ ሲባል ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ብቻ ይታሰባሉ። እኔም እወዳቸዋለሁ። ቀበሮ ግን ማሽን ሲመጣ ይሸሻል፤ ባልጩት እዚያው ይደቅቃል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በመንገድም ሆነ በሕንፃ ሥራ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ባለበት እንዲጠብቅ ያዛል። ግን ማን አይቶ ያሳውቃል? ጥፍር የምታህል ስንጥር ከግሬደር ወንበር ላይ አትታይም። ያላዩትን «የለም» ማለት ደግሞ ድፍረት ነው፤ በዚህ ተራራ ላይ ይቅር የማልለው ድፍረት።

የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንም የቅርስ ባለሥልጣንም ይስሙ። መንገዱ ይጠገን፤ የሪራና የዶሎ መና ሰው ያስፈልገዋል። ነገር ግን ገረጋንቲ የሚወጣበት ቦታ ከመመረጡና ቦዩ ከመጠረጉ በፊት አንድ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ መስመሩን በእግሩ ይሂድበት። ማሽኑ ከእሱ ኋላ ይምጣ።