የምጽዋ ቤት በሲሚንቶ አይታደስም

የቀይ ባሕር ክርክር በተነሣ ቁጥር ምጽዋ የምትጠራው በወደብነቷ ነው። ስለ መርከብ፣ ስለ ኮንቴይነር፣ ስለ ኪራይ እናወራለን። ምጽዋ ግን ሰው ተወልዶ ያደገባት ከተማ ናት። ከአያት የወረሱት፣ መስኮቱ ወደ ባሕር የሚያይ ቤት ያላቸው ቤተሰቦች አሉ። እነዚህ ቤቶች እንዴት ይታደሱ የሚለው ጥያቄ እኛንም ይነካል።

በደሴቲቱ ያሉት አሮጌ ቤቶች ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው። ኮራል ቀዳዳው ብዙ ነው፤ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያስወጣል። ኖራም እንዲሁ ያስተነፍሰዋል። በላዩ ሲሚንቶ ሲለሰን ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ጨው ውስጥ ለውስጥ እየጠጠረ ድንጋዩን ይበላዋል። ብረት ከተጨመረበትም ብረቱ ዝጎ ሲያብጥ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። ከውጭ አዲስ የመሰለው ቤት ከውስጥ እያለቀ ነው ማለት ነው።

«ኖራ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፣ ባለሙያውም ብርቅ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ቤትም ሙዚየም አይደለም፤ መታጠቢያ፣ መብራት፣ ማራገቢያ ይፈልጋል። እነዚህ ግን ግድግዳውን ሳይነኩ፣ እንደ ወንፊት የተፈለፈለውን የእንጨት መስኮት በአሉሚኒየም ሳይተኩ ሊገቡ ይችላሉ። በዚያ ሙቀት ነፋስ እያሳለፈ ፀሐይን የሚከለክለው ያ መስኮት ነው። ትዝታውን የጠበቀ ኑሮውንም ጠበቀ።

ከባዱ ጥያቄ የጦርነቱ ጠባሳ ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ ከተማዋን ሲይዝ በተደረገው ውጊያ፣ ኋላም በደርግ አውሮፕላኖች ድብደባ ብዙ ሕንፃ ፈርሷል። ጥዋለት ላይ ያለው የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ሳይቀር ተመትቷል። ቤቱን ለአደጋ የሚዳርግ ስንጥቅ መጠገን አለበት። የቀረው የጥይት ምልክት ይደፈን ወይስ ይቆይ የሚለውን ግን መወሰን ያለበት የቤቱ ባለቤት ነው። አንዱ ቤተሰብ ልጆቹ እንዲያዩት ይፈልግ ይሆናል፤ ሌላው በየጠዋቱ እያየው መኖር አይፈልግም። ሁለቱም መብታቸው ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው ሌላ ነው። አውሮፕላኖቹ የተነሡት በእኛ መንግሥት ትእዛዝ መሆኑን ሳንሸፋፍን መናገር አለብን። ስለ ባሕር በር መነጋገር ነውር የለበትም። ነገር ግን ስለ ምጽዋ ስናወራ፣ እዚያ ግድግዳውን በኖራ እየለሰነ ያለ ባለቤት መኖሩን ቆጥረን ይሁን።